ከኩርባው በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

ትናንት ከድሬዳዋ የተመለሰው ጎረቤታችን፣ አዋሽን ልትሻገር ስትል ጭነት የሞላ ተሳቢህን ኩርባው ላይ እንደ ባዶ መኪና ስታበረው በዓይኑ ማየቱን ነገረኝ። እናትህ አልሰማችም። ከኩርባው በፊት ፍጥነትህን ቀንስ።

አያትህ ከዚህ ከአዳማ ጣቢያ እየተነሳ ሀዲድ ሲጠግን እንደኖረ ታውቃለህ፤ ስለ አዋሽ ድልድይ ሲያወራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1890 ከጅቡቲ የተጀመረው ሥራ ድሬዳዋ በ1895 ቢደርስም ኩባንያው በመክሰሩ ለዓመታት ቆሞ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሠራተኞቹ ከባሕር በኩል ስለመጡ፣ ለአዋሽ ገደል የሚሆነው ብረት የመጣው ቀድመው በዘረጉት ሀዲድ ላይ ነበር። የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ መሆኑ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ እንዲሄድ አስችሎታል፤ ወጪም ቆጥቧል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ኩርባ የነጂ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጣልያን በ1933 ሲሸሽ ድልድዩን አፈረሰው፤ እንደገናም ተሠራ።

በጥር 1977 የሆነውን ፎቶው ሳሎን ከተሰቀለው አጎትህ ታሪክ ታውቀዋለህ። ከድሬዳዋ የተነሳው ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። የማታውቀው ይህን ነው፦ አጎትህ ከጥምቀት በኋላ ሊመጣ አስቦ ሳለ፣ ለበዓሉ ቶሎ ድረስ ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «ቶሎ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ልብ ብለኸው እንደሆነ፣ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ ፈጥነህ ና ብዬህ አላውቅም።

ፍጥነትህን ቀንስ ልጄ። ባለንብረቱ ቢቆጣህ ስልኩን ስጠኝና እኔ አነጋግረዋለሁ። ቅዳሜ ከመነሳትህ በፊት የፍሬኑን ሸራ ለመካኒክ አሳይ፤ ሌሊት አትንዳ፤ አዋሽ ስትደርስ ደውልልኝ። ለፋሲካ እናትህ ዶሮ ገዝታልሃለች፤ ከበዓሉ ማግስት ብትደርስም ድርሻህ ይቀመጥልሃል። ከኩርባው በፊት ቀንስ።

አባትህ፣ ከአዳማ