ለሰይዶ፣ ከሐረጎ ማዶ

ሰይዶ እንዴት ነህ ወንድሜ፣ አብሽር አልሞትኩም፣ አለሁ። ሁለት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ይሄን የሚያህል ፅሁፍ ስልክህ ላይ ዱብ ሲል ምን ብለህ እንደምትሰድበኝ ከዚህ ሆኖ ይሰማኛል። ከኮምቦልቻ ደሴ እኮ 25 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብዬ ወጥቼ የእናትህ ቡና ሳይበርድ መድረስ እችል ነበር፣ ግን አፈርኩ። የእህትህ የሉባባ የመልስ ቪዲዮ ነው ነገሩ። የካሜራው ካርድ ተበላሸብኝ ብዬህ ነበር አይደል? ዋሸሁህ። ካርዱ ደህና ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ የተነሳሁት ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ፣ ትናንት መናኸሪያው ጋ ታናሽ ወንድምህን አገኘሁትና "ሰይዶ ዴስክቶፕ ገዛ፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 2600 ነው፣ አሁን ኦቨርክሎክ ላድርገው፣ ከተሰራበት ፍጥነት በላይ ላስሩጠው እያለ ነው" አለኝ። ወላሂ ደነገጥኩ። ያኔ የኔ ኮምፒውተር እኮ እሱው ራሱ ነው፣ 2600፣ አብሮት የሚመጣው ትንሿ ፋን ሳትቀየር። ስለዚ ሳትነካው በፊት የኔን ጉድ ስማ።

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተከራይቼ እያለሁ ክረምት ላይ ነው የነካካሁት፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ፣ እኔ ጋቢ ለብሼ። ፕሮሰሰሩን 4.1 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁን 1.4 አደረኩ፣ እዛው እጄ እያለ የራሙንም ፍጥነት ጨመርኩት፣ ሲኔቤንች የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ሦስቴ አስኬድኩ፣ ሙቀቱ 82 ዲግሪ ላይ ቆመ፣ በቃ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። ከዛ ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወሰደኝ፣ የሉባባን ሰርግ ቪዲዮ የቆረጥኩት እዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ነው፣ በሚያዝያ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚህ ደግሞ 1,850 ቢሆን ነው፣ ስትወርድ ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል። ፋን ደግሞ ተአምር አይሰራም፣ ቤት ውስጥ ካለው አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፣ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ከሞቀ ፕሮሰሰሩም በዛው ልክ ነው የሚጨምረው። ኤክስፖርት ሰጥቼ 93፣ 94፣ ከዛ ፍሪዝ። አስነስቼ ስከፍተው ፕሮጀክቱ እምቢ አለ፣ ክሊፖቹ ላይ አረንጓዴ አረንጓዴ ካሬ። የሚያናድደው ሙቀቱ አይደለም፣ 95 ሲደርስ እሱ ራሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ነፍሱን ያድናል። ራሙ ነው ጉዱ። ኋላ ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተኛ ስፈትነው ስህተቱን ዘረገፈው። ማለት ከካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ነው ፋይሉ የተበላሸው፣ ያለምንም ማስጠንቀቂያ፣ እኔ ደግሞ ገለበጥኩ ብዬ ካርዱን ፎርማት አድርጌዋለሁ። ፕሮሰሰርና ራም አንድ ላይ ስለነካሁ ማን እንዳጠፋ ለማወቅ ራሱ ሳምንት ፈጀብኝ።

እና አንተ ራሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ማዘርቦርድህን እይ፣ ቢ450 ከሆነ ይሰራል፣ ኤ320 ከሆነ ግን አትድከም አይፈቅድልህም። (ወንድምህ ኢንቴል ሊገዛ ነው አሉ፣ መጨረሻው ላይ ኬ ያለበትና ዜድ ቦርድ ካልሆነ አይሆንም በለው።) ምንም ሳትነካ በፊት አንድ ቀን እንዳለ ሥራ ስራበት፣ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጭነህ ሥራ ሲበዛበት ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ወረቀት ላይ ፃፍ። እንዲሁ 85 ከሆነ ኦቨርክሎኩን እርሳው፣ ፋኑን አውልቅ፣ አቧራውን ጥረግ፣ በፕሮሰሰሩና በፋኑ መሃል የሚቀባውን ተርማል ፔስት ቀይር። ያገለገለ ዕቃ አይደል የገዛኸው፣ ፔስቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ ነው የምታገኘው።

ከዛ ኮምፒውተሩን ስታስነሳ ዴሊትን እየተጫንክ ባዮስ ግባ፣ የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገፅ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 100 ሜጋኸርዝ መነሻ አለ፣ ሬሾ የሚባለው ይባዛበታል፣ 34 ማለት 3.4 ጊጋኸርዝ፣ 37 ማለት 3.7። ከ37 ጀምር፣ ቮልቴጁን ግን አውቶ ላይ አትተወው፣ ቦርዱ በራሱ ሲመርጥ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚለቅበት፣ በእጅህ 1.25 ፃፍለት። ሲኔቤንች ለ10 ደቂቃ፣ ዲግሪውን እያየህ፣ ካለፈ 38 በል። ፍሪዝ ካደረገ ወይ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ወይ አንድ ሬሾ ውረድ ወይ ቮልቴጁን ትንሽዬ ብቻ ከፍ አድርግ፣ 0.025 ይበቃል። በዛች ፋን 1.35ን እንዳታልፍ፣ ዲግሪውም 80 ሲደርስ ይብቃህ፣ ደሴ ላይ 80 ማለት ሞቃት ቀን ሲመጣ 85 ነው።

ለምን እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይሄድም፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባበት። ፍጥነቱን ከ3.7 ወደ 4.1፣ ቮልቴጁን ከ1.2 ወደ 1.4 ስትወስደው ፍጥነቱ 11 ፐርሰንት ነው የጨመረው፣ የሚበላው ኃይል ግን አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። እኔ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር ላይ ስድስት ደቂቃ ልቆጥብ ብዬ ነው የሰው ሰርግ ያጠፋሁት።

የመጨረሻውን ሬሾ ካገኘህ በኋላ ኦሲሲቲ ወይ ፕራይም95 የሚባል መፈተኛ ለሊቱን ሲሰራ ይደር፣ ሦስቴ ሲኔቤንች ማለት ፈተና አይደለም። ጠዋት አንድ ስህተት ካየህ አንድ ዝቅ፣ እልህ አትጋባ። ጭራሽ አልነሳም ካለህ ደግሞ አትደንግጥ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ መልሳት፣ ባዮሱ እንደ አዲስ ይሆናል። መብራት ቦግ እልም በሚልበት ቀን ግን ባዮስ አፕዴት እንዳታደርግ፣ መሃል ላይ ከጠፋብህ ቦርዱን ቅበረው።

እኔ አሁን 3.8 ላይ ነኝ፣ በ1.225፣ ሁለት በጋ አለፈው። ካርድም ሁለት ቦታ ሳልገለብጥና ከፍቼ ሳላይ አልፎርማትም።

የፊታችን ቅዳሜ ልወጣ ነው፣ ፔስቱን አትግዛ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንፍታው። ሌላም ነገር አለ፣ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ከሉባባ መልስ 11 ደቂቃ አገኘሁ፣ ለሙከራ ብዬ የገለበጥኩት ነው፣ እናትህ እልል እያሉ ሲገቡ አለበት፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። በፍላሽ አመጣዋለሁ። ሉባባ ቤት ካለች ግን አስቀድመህ ደውልልኝ፣ በየትኛው በር እንደምገባ ልወስን።

እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ