«ስንት ትጠብቂያለሽ?» ያልኩሽ ቀን

እሙዬ፣

ከፈተና ስትወጪ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅሽ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ስንት ትጠብቂያለሽ?» የሚል ነበር። «ደከመሽ?» አላልኩም። «ውሃ ላምጣልሽ?» አላልኩም። አንቺም ትከሻሽን ሰበቅ አድርገሽ «እኔ እንጃ» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከቁጥር ሌላ ወሬ የለም። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ስናወራ ደግሞ መልሼ ቁጥር መጠየቄ ስለማይቀር ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ።

ማታ ማታ በስልክ ከጓደኞችሽ ጋር የምታወሩት ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ይቅርታ፣ ጆሮ መዝጊያ የለውም። «17 ቁጥር ሲ ነው አይደል?» «ሁላችንም ሲ ብለናል።» «ይሄን ያህል ከከበደማ ከርቭ ያደርጉታል።» «10 ቢጨምሩልን እኮ እንገባለን።» አንዷ ደግሞ ከውስጥ ሰው ተሰማ የተባለ መቁረጫ ነጥብ ይዛ ትመጣለች። በማግስቱ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ የውስጥ ሰውዬውም ሌላ ነው።

እንቅልፍ የነሳሽ ከርቩ፣ ፈተና ሲከብድ ለሁሉም ነጥብ ይጨመራል የምትሉት፣ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ስታወሩበት ስሰማ ከርቭ ፈተና ሲከብድ ከች ብሎ ነጥብ የሚያድል ደግ አጎት ይመስለኛል። በእርግጥ የማለፊያው ነጥብ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ 10 ነጥብ ሰው ያሻግራል። ውድድሩ ለተቆጠረ ቦታ ከሆነ ግን ለሁሉም 10 ሲጨመር ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ሰው ዱካ ላይ ቢወጣ ረጅሙ ያው ረጅም፣ አጭሩም ያው አጭር ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥር ትወጃለሽ። ፈተናው ከ100 ነው እንበል። የተፈታኙ አማካይ ውጤት 55 ነው። ውጤቱ ደግሞ እንደ ደወል መሀሉ አብጦ ዳርና ዳሩ የቀጠነ ነው። መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን፣ 15 ነው። አንቺ 70 ብታመጪ ከ100 ሰው 84 ያህሉን በልጠሻል ማለት ነው። አሁን ፈተናው ከበደና አማካዩ ወደ 45 ወረደ፣ ልይይቱ ግን ያው 15 ነው እንበል። ያን ጊዜ 60 አምጥተሽም የቆምሽው እዚያው 84 ላይ ነው። ስለዚህ «ከበደን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለማን ምን ያህል ከበደ ነው ጥያቄው። ያን ለማወቅ የሁሉም ወረቀት ታርሞ ማለቅ አለበት። እናንተ ጋር ያለው የሰባት ልጆች ወሬ ነው፤ ከሰባቱም ብዙ የምታወራው አንዷ ናት።

ጭራሽ በዚህ መንገድ የማይሄዱም ፈተናዎች አሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና የሆነውን ኤስኤቲን ውሰጂ። በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚሰጥ ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። አዘጋጆቹ የአንዱን ክብደት ከሌላው ጋር ያመዛዝኑና ከበድ ባለው ላይ ጥቂት ጥያቄ የሳተ ሰው ውጤቱ እንዳይጎዳ ያደርጋሉ። በዚያ ቀን አብረውሽ የተቀመጡት ጎበዞች ይሁኑ ሰነፎች የሚለውጠው ነገር የለም። ደግሞም ለሙከራ ብቻ የገቡ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎች ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ይቀርባሉ። ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ሦስት ቀን የተለቀሰበት ጥያቄ ከነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል! የእንግሊዞቹን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ኤ ሌቭልን ደግሞ እይው። እዚያ የእያንዳንዱ ማዕረግ መቁረጫ የሚወሰነው ወረቀቱ ከታረመ በኋላ ነው። እርማት ሳያልቅ መቁረጫ ነጥብ የሚያውቅ የውስጥ ሰው ካለ፣ እኔም ላገኘው እፈልጋለሁ።

«ሁላችንም ሲ ብለናል» የሚለውንም ልንካው። ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ጥሩ ፈታኝ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብሎ አይፈጥርም። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚሠሩት ስህተት ይለቅማቸዋል። ስለዚህ ሰባት ሰው አንድ መልስ ላይ መስማማቱ ወይ ትክክል ናችሁ ማለት ነው፣ ወይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብራችሁ ገብታችኋል ማለት ነው። በስልክ ስትከራከሩ ብታድሩ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ትናንት ያልሽው ነው። «መጀመሪያ የጻፍኩት ልክ ነበር፣ ቀይሬ አበላሸሁት» አልሽ። ድምፅሽ ሲሰበር ሰማሁ። ይህን ጉዳይ አጥንተውታል። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ1,500 በላይ ተማሪዎች የፈተና ወረቀታቸው ላይ የት የት እንደሰረዙ እየፈለጉ ቆጠሩ። ከተቀየሩት መልሶች ግማሽ ያህሉ ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ነበሩ። ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱት ሩብ ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት ከስህተት ወደ ሌላ ስህተት ነው የዞሩት። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን «የመጀመሪያው ይሻላል» ይላል? በእጃችን የነበረውን የጣልነው ስለሚያንገበግበን ነው። ቀይረን ያገኘነውን ወዲያው እንረሳዋለን። አንቺም በዚያ ቀን ቀይረሽ ያተረፍሻቸው ጥያቄዎች ይኖራሉ፤ ስለነሱ ግን ለማንም አልደወልሽም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርሽ። አንቺ ስትደምሪ እኔም ስደምር ነበር። የመብራት ሂሳብ የመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ የልምምድ ፈተናዎችሽን ውጤት ደርድሬ አማካይ አወጣሁ። ከዚያ ለድንጋጤ ትንሽ ቀነስኩ። ከዚያ፣ አትሳቂብኝ፣ ለከርቭ ብዬ 10 ጨመርኩ! ከላይ ያን ሁሉ ያስተማርኩሽ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ። እናትሽ አየችኝና «ደሞ አንተ ጀመርክ?» አለችኝ።

ፖስታውን አልቀደድኩትም። የመጻፊያ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንዳትከፍቺው። ውጤቱ የመጣ ዕለት አንድ ላይ እናወጣውና ስንት እንደሳትኩ አንቺ ታርሚኛለሽ። እስከዚያ እኔ ቁጥር አልጠይቅሽም። እናትሽ ምስክር ናት። ብጠይቅሽ ለእሷ ንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ። ያ 17 ቁጥር ጥያቄ ምን እንደሚል እስካሁን አልነገርሽኝም። ነገ በእግራችን ወጣ ስንል ንገሪኝ፤ እኔም ልሞክረው። ምርጫዎቹን ግን እንዳትነግሪኝ።

አባትሽ