የጃንሆይ ቤት ለአረጋውያን የተሰጠ ነው፦ ለባዝ አካባቢ ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ በኒውብሪጅ ሰፈር ስላለው ስለ ፌርፊልድ ቤት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጄኔቫ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ነበር። የሰማቸው የለም። ቪላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ስልቱም፣ ጉድ በሉ፣ የጣሊያን ነው። ከሙሶሎኒ ጦር የተሰደዱ ንጉሥ የተጠለሉት በጣሊያን ስልት በታነጸ ቤት ነው።

ከውጭ ሲያዩት የሀብታም ቤት ይመስላል። ውስጡ ግን ችግር ነበር። ቤተሰቡም አብሮ የተሰደደውም ሰው የሚጠብቀው የጃንሆይን እጅ ነው። እጃቸው ደግሞ አጥሯል። ይዘውት የመጡትን የብር ዕቃ ለንደን ላይ በጨረታ አሸጡ። እቴጌ መነን ብርዱ አልስማማ ቢላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ በውል መሠረት ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ጃንሆይ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ውሳኔ ሳያገኝ የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር ወር የጣሊያን ንጉሥን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠ። በቃ፣ በሕግ የኢትዮጵያ ገዥ የጣሊያን ንጉሥ ነው ተብሏልና ገንዘቡ የሮም ሆነ። ያን ክረምት ፌርፊልድ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፉት እናንተው ገምቱት።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ ጃንሆይ ወደ ሱዳን ተጓዙ። በግንቦት 1941 አዲስ አበባ ገቡ። ቤቱ ግን በእጃቸው ቆየ። መሸጥ ይችሉ ነበር፤ አልሸጡም። እ.ኤ.አ. በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጡት፣ አረጋውያን እንዲገለገሉበት ብለው።

በጃንሆይ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳችንም አንስማማም። አንዱ ያመሰግናቸዋል፣ ሌላው ይወቅሳቸዋል። ይህ ስጦታ ግን ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። ቤቱ ለዓመታት የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል። ኋላም ከካሪቢያንና ከሌላም አገር የመጡ አዛውንቶች ተሰብስበው ምሳ የሚበሉበት፣ የሚጨዋወቱበት ሆነ። ለመታሰቢያነት ከሐውልት ይልቅ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

የእድሳት ወጪው ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። የድሮ ቤት ገንዘብ ይበላል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ቤቱ የወደፊት ዕጣ ስትመክሩ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «አረጋውያኑስ?» የሚል ይሁን። የቱሪስቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የስጦታው ሰነድና ቅድመ ሁኔታው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሆኖ ማንም ጎብኚ ሊያነበው የሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። የ1938ቱ የፍርድ ታሪክም አብሮ ይጻፍ። ለእናንተ የማያኮራ ቢሆንም የቤቱ ታሪክ አካል ነው።

ከአክብሮት ጋር