መሸፈኛ ሌላ፣ መከላከያ ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፦

«ማስክ» ስለሚለው ቃል አመጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሆኜ ደስ እያለኝ አነበብሁ። ቃሉ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል እንደተጓዘ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ማላገጫ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «መስኸራ» ጋር እንደሚያያይዙት፣ ሌሎች ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ላቲን ጠንቋይ ይባልበት ከነበረው «ማስካ» እንደሚያመጡት ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቃሉ ወደ እኛ አገር ከገባ በኋላ የሆነው ነገር ነው።

ፊትን የሚሸፍን ነገር በአማርኛ ስም አጥቶ አያውቅም። ጭምብል አለ፤ እርሱን ስንሰማ ግን ቶሎ የሚታወሰን ማንነቱን የደበቀ ዘራፊ ነው። ዓይነ ርግብ አለ፤ የሙሽራና የመኳንንት ነው። ኒቃብ ለእኛ ለደሴ ሰዎች የዘወትር ልብስ ነው፣ ጉዳዩም የሃይማኖት ነው። እስትንፋስን ከሚጎዳ ነገር ለመጠበቅ የተሰየመ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ መንግሥት «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» አለ፤ ሕዝቡ አጭሩን መርጦ «ማስክ» አለ። የከተማችን ልብስ ሰፊዎች ከቴትሮኑም ከአቡጀዲውም ሰፉ። ለዚያ ጊዜ ደግ ሥራ ነበር፤ ጨርቁ ከሚናገርና ከሚያስል ሰው አፍ የሚወጣውን ፍንጣቂ ይይዛልና።

ችግሩ ያው ጨርቅ በዚያው ስም ወደ ፋብሪካ ሲገባ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈተላ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጥጥ ሲበጠርና ሲፈተል አየሩ በብናኝ ይሞላል፤ መብራቱ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሲንሳፈፍ ያየዋል። እኛ በነጠላችን ጫፍ ወይም በሻሽ አፍንጫችንን አስረን እንሠራ ነበር። ፈረቃው አልቆ ስንፈታው ከአፍንጫችን ግራና ቀኝ ነጭ መስመር ተስሎ እናገኛለን። ብናኙ በጎን እየገባ እንደነበር ከዚያ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? አሁን እዚያው ሙያ ላይ ያሉ የጎረቤቶቼ ልጆች «ማስክ ተሰጥቶናል» ይሉኛል። አምጡ ብዬ ሳየው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ስስ ጨርቅ ነው። ስሙ ተለወጠ እንጂ የእኛው ሻሽ ነው።

አብራን የምትሠራ አንዲት ታላቃችን ነበረች፤ እትዬ እንላታለን። እሑድ አርፋ ሰኞ ስትገባ ደረቷ ይጨመደድባታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሳምንቱ ሲጋመስ ይሻላታል። እኛ ምች ነው እያልን ዳማከሴ እናሸታት ነበር። ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ስም አላቸው፤ ቢሲኖሲስ ይሉታል። ከጥጥ፣ ከተልባ እግርና ከመሳሰሉት ብናኝ የሚመጣ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን የሚብሰውም ጠባዩ ሆኖ ነው። በጊዜ ካልተጠነቀቁለት ሰኞ ብቻ መሆኑ ይቀርና ዓመት ሙሉ የሚያስል ሳንባ ይተዋል። እትዬ እንዲህ ሆና ነው ከሥራ የወጣች።

ከጥጥ የተሠራ ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። በ1903 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በማንቹሪያ፣ የሳንባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ዉ ሊየን ቴ የተባለው ሐኪም ጥጥና ሻሽ በብዙ ድርብ አድርጎ፣ ፊት ላይ አጥብቆ የሚታሰር መከላከያ አሠርቶ ነበር። ሳይሸፈን ወደ በሽተኞች የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ሜስኒ በቀናት ውስጥ ሞተ። ቁም ነገሩ ድርቡና ጥብቀቱ ላይ ነው። ዛሬ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት በላቦራቶሪ ሲፈተን ደቃቅ ብናኝን ቢያንስ 95 በመቶ የሚያስቀር ነው፤ ማሰሪያው በራስ ቅል ዙሪያ ያልፋል፣ አፍንጫ ላይ የሚታጠፍ ብረት አለው። ፊት ላይ ካልገጠመ ግን እርሱም ዋጋ የለውም፤ ጢም እንኳ አየር ያሾልካል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ብናኙን ከማሽኑ ሥር የሚስብ መሣሪያ ሊኖር ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያዛል። ሕጉ «መከላከያ» ነው ያለው። ስስ ጨርቅ አድሎ «ማስክ ሰጥቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ክፍል ኃላፊ ይህን ግዴታ አልተወጣም፤ «ማስክ» የሚለው ቃል መሸፈኛውንም መከላከያውንም ስለሚያጠቃልል ብቻ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ወፍጮ ቤት ወይም ስለ ድንጋይ መፍጫ ስትዘግቡ «ማስክ» ብላችሁ አትለፉት። ጨርቁን «መሸፈኛ»፣ ብናኝ የሚያስቀረውን «የብናኝ መከላከያ» በሉት። ጋዜጠኛችሁም «ማስክ ታድሏል» ሲባል የታደለውን አስወጥቶ ይየው፤ ድርቡን ይቁጠር፣ ማሰሪያው የት እንደሚያልፍ ይጠይቅ፣ በስንት ቀን እንደሚቀየርም ከሠራተኞቹ አፍ ይስማ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፈተላ ክፍል ሠራተኛ
ከደሴ