የእንጦጦ ውርርዳችን

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? ባለቤትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ሦስት ዓመት ሙሉ የት ጠፋህ እንዳትለኝ፤ የምሰጥህ ምክንያት የለኝም። የአባትህ የአባባ ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ነው የዋልኩት። አንተ ጋ ግን አልደወልኩም። መጀመሪያ «ትንሽ ይረጋጋ» አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ወር ሲሞላ ሀፍረቱ ባሰ። ከዚያ በኋላማ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር የምጀምርበት ቃል ይጠፋኛል። መደወል ሲያቅተኝ ነው ልጻፍ ያልኩት።

የቀሰቀሰኝ እንጦጦ ነው። ባለፈው እሁድ ከሽሮ ሜዳ ጀምሬ በእግሬ ወጣሁ። ሦስት ቦታ ቆሜ ተነፈስኩ፤ አንዱን ጊዜ ስልኬን የማይ መስዬ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ በሩጫ እያለፈኝ «አይዞህ ወጣቱ!» አለኝ። እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም።

ዴንቨር እንደገባህ የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። «እዚህ ከተማችን ከፍታ ላይ ነው እያሉ ይኩራራሉ፣ 1,600 ሜትር!» ብለህ ስቀህባቸው ነበር። መስቀል አደባባይ እንኳ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 አካባቢ ይደርሳል። ታች ያወለቅከውን ጃኬት ላይ ስትደርስ መልሰህ ትለብሰዋለህ። እቴጌ ጣይቱ ይህን ብርድ ጥለው ወደ ፍልውሃ ቢወርዱ ማን ይፈርድባቸዋል? አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሯት ሙቅ ውሃ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። የሚገርመኝ ግን፣ ሰዉ ወደ ታች ከወረደ በኋላ እንኳ ምኒልክ ዘውድ የደፉት እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው፤ በ1882 ዓ.ም.። ቤተ መንግሥታቸውን አስታወስከው? ያ ነጭ የጭቃ ቤት። ልጅ ሆነን «ንጉሥ እዚህ ይኖራል?» ብለህ ዘበኛውን አስቀህ ነበር።

ተራራው ብዙ ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ ካፌ አለ፣ ዚፕላይን አለ፣ የተነጠፈ የእግር መንገድ አለ። እንደማጉረምረም ብዬ ነበር የገባሁት፤ ማኪያቶ ይዤ ጫካ ውስጥ ስቀመጥ ግን ዝም አልኩ። ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያደረገበት ያ ቁራ መጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመ። ያ ወፍ ከምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። እሱ ግን ዳቦዬን ነበር የሚያየው።

ዛፉ አሁንም በብዛት ባሕር ዛፍ ነው፣ ነጩ። በየመሀሉ ጥድና ኮሶ፣ ወይራም ተተክሏል። አባባ ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው። «ውሃ ጠጪ! ሥሩ ሌላ ሣር አያበቅልም!» እያሉ ባሕር ዛፍን ሲረግሙት ትዝ ይልሃል? ቤታችሁ ግን ከማገሩ እስከ ጣሪያው ባሕር ዛፍ ነበር። እትዬም እንጀራ የሚጋግሩት በቅጠሉ ነበር። የዚያ ጭስ ሽታ እስካሁን የረሀብ ስሜቴን ይቀሰቅሰዋል።

እውነቱን ለመናገር ከተማው ራሱ እንደ አባባ ነው። የምኒልክ ዘመን ሰው ጥዱን ቆርጦ ጨርሶ፣ ማገዶ ጠፍቶ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ያዳነው ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ መጣና ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አባባ ስለ ውሃውም ስለ ሣሩም ብዙ አልተሳሳቱም። እሱ ባይኖር ግን ሽሮ ሜዳም አትኖርም፣ እኔና አንተም አንተዋወቅም።

ስወርድ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመች ሴት አገኘሁ። ከሸክሙ በታች እግሯ ብቻ ነው የሚታየው። ዳገቱን ባዶ እጄን ወጥቼ ያለከለክሁት እኔ መንገድ ለቀቅኩላት። ይኼ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አሥረኛ ክፍል ሳለን ፎርፈን የወጣንበትን ቀን አልረሳኸውም መቼም። ዝናብ መጣና ዛፍ ሥር ተጠለልን። አንተ «ይህ ውሃ አባይ ይገባል» አልክ። እኔ «ምን ሲደረግ! አዋሽ ነው የሚገባው» አልኩ። ፓስቲ በሻይ ተወራረድን። ሰኞ የጂኦግራፊ መምህራችንን እንጠይቃለን ብለን፣ መፎረፋችን ይታወቃል ብለን ፈርተን ተውነው።

እሁድ ዕለት መልሱን አገኘሁት። ጫፉ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ዞርኩ። ክረምቱ ስለወጣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። ከተማው ከሥር፣ ወጨጫ በቀኝ፣ ፉሪና የረር ወደ ፊት፣ ከሁሉም ማዶ ዝቋላ። ሁሉም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው፤ እንጦጦ ግን ታላቃቸው ነው፣ ድንጋዩ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞርኩ፤ የሱሉልታ ሜዳ። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ጅረቶቹን በጣቴ ተከተልኳቸው።

በደቡብ በኩል የወረደው ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ እየተባለ ከተማውን ያቋርጣል። አቃቂ ይሆናል፣ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፣ አዋሽ ይገባል። ቆቃን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። በሰሜን በኩል የወረደው ደግሞ ሱሉልታን ይዞ ሙገር ይገባል፣ ሙገርም አባይ። አንተና እኔ ቦንድ የገዛንለት ግድብ ላይ ተርባይን አዙሮ፣ ሱዳንና ግብፅን ጨርሶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ተራራው ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል ማለት ነው። ያን ቀን የተጠለልንበት ዛፍ ከየትኛው ጎን እንደነበር ደግሞ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ተቆርጧል መሰለኝ።

ስለዚህ ፓስቲው እኩል ነው፣ ግማሽ በግማሽ። አባይህ ባሕር ስለደረሰ ግን ሻዩን እኔ እችላለሁ። ስትመጣ እንጂ በሃዋላ አልልክም።

አንድ ነገር ቀረ። ወደ ቤት ስመለስ አባባ መቃብር ጋ ጎራ አልኩ። ጧፍ አበራሁ፣ አረሙን ነቃቀልኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ለልጅዎ ሳልደውል ቀረሁ» አልኳቸው። ከራስጌያቸው አንድ ስንዝር የምታህል፣ ማንም ያልተከላት ባሕር ዛፍ በቅላለች። ልነቅላት ጎንበስ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እሳቸው ቢሆኑ ለአንድ ቀን አያሳድሯትም። ልንቀላት ወይስ ትቆይ? ቶሎ ጻፍልኝ፤ እንደምታውቀው ይህ ዛፍ አይጠብቅም።

ያው የድሮው ጓደኛህ