ማሽን ከመላካችሁ በፊት ኤርዙን አስለኩልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ክቡር የቢሮ ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው። በጎጃም ከተሞች ተበትነን የምንሠራ የሙያ ጓደኛሞች ስንደዋወል ወሬያችን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይገባል፤ ኤርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር።

አዲስ ማሽን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ርክክብ ይፈረማል። የሚሰካበትን ሶኬት ግን ማንም አይፈትሽም። ሲፈታ የኤርዙ መስመር ከኋላ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ወይም ገመዱ አለ፣ መሬት የተቀበረው ዘንግ ግን ዝጎ አልቋል፣ አለበለዚያም መዳቡ ተሰርቋል። ይባስ ብሎ ስፒናው ለሶኬቱ አልሆን ሲል ኤርዝ በሌለው ዲቫይደር ይሰካና ሥራ ይጀመራል። በጭራሽ መሆን የለበትም!

ለምን እንደምጮህ ልንገርዎ። የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ኤርዝ በሌለበት ክፍል ኢሲጂ (ያን የልብ ምልክት በመስመር የሚስል ምርመራ) ሲነሳ ያ 50 ኸርዝ በታካሚው ሰውነትና በገመዱ በኩል እየገባ መስመሩን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል፣ እና ከጮቄ ሥር ደረቱን ይዞ የመጣ ገበሬ ልቡ ላይ ያለው አደጋ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ረብሻውን የሚያጣራ ፊልተር ማሽኑ ላይ ማብራት ይቻላል። ግን ፊልተሩ ራሱ የሞገዱን ቅርጽ ሊቀይረው ይችላል፤ ሐኪሙ የሚያነበው ደግሞ ቅርጹን ነው።

ሁሉም ጥፋት የኤርዝ ነው አልልም። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ሲደርቅም፣ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠላልፎ የተኛ የኢሲጂ ገመድም ያንኑ ያመጣል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ኮተሪው (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጠውና ደም የሚያቆመው መሣሪያ) ሲነካ የታካሚውን ልብ የሚከታተለው ሞኒተር ይረበሻል። አስታማሚዎች ሞኒተሩ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ፤ እነሱን ግን አልወቅስም፣ ለዘመድ የሚደውሉበት ስልክ ነው፣ ሌላ ሶኬት ቢኖር እዚያ ይሰኩት ነበር። አይኢሲ 60601-1-2 የሚባለው፣ የሕክምና መሣሪያ በኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ እንዳይረበሽ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ መስፈርት ስልክና የመሳሰሉት ከመሣሪያው ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር እንዲርቁ ይላል። የጥበቃ ሬዲዮ ጉልበቱ ከስልክ ስለሚበልጥ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ጭራሽ ባይገባ እመርጣለሁ።

ሌላው ስታቲክ፣ ማለትም ነገሮች ሲፋተጉ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። በበጋ የደጋው አየር ሲደርቅ፣ ፖሊስተር ብርድ ልብስ ከአልጋ ላይ ሲገፈፍ ሲንጣጣ ሰምተው ይሆናል። (ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ በዚህ በኩል ጋቢ ይሻላል፤ በተለይ ኦክስጅን የሚወስድ ታካሚ ላይ።) ሰው ብልጭታው የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። የማሽኑ ቦርድ ላይ ያለ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ምንም ሳይነዝረው በጣቱ ቦርዱን ይገድለዋል። በጣም የሚያናድደው ደግሞ ሁልጊዜ ወዲያው አለመሞቱ ነው። ማሽኑ ተጠግኖ ይሠራል፣ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ከዚያ "ድሮም ችግር ነበረበት" ተብሎ ስቶር ይገባል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ስታቲኩን ከሰውነት ቀስ አድርጎ የሚያወርድ፣ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ያለው የእጅ ማሰሪያና ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ የስታቲክ ምንጣፍ ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚታሰሩት ከኤርዝ ጋር ነው። ኤርዝ ከሌለ እጄ ላይ ያለው ማሰሪያ ጌጥ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይሄን ነው። የኤርዝ ልኬት በወረቀት ያልተያያዘበት ርክክብ አይፈረም፤ ሕንፃም ይሁን ማሽን። ልኬቱ በክረምት አይሁን። መሬቱ ሲረጥብ ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ነው እውነተኛው ጉድ የሚወጣው። ለእያንዳንዱ ዞን አንድ ኤርዝ ቴስተር ይገዛና ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዙር። የጨረታ ሰነዳችሁ አይኢሲ 60601-1-2ን በስም ይጥራ፣ አቅራቢውም የፈተናውን ማስረጃ ያቅርብ። ርክክብ ኮሚቴ ውስጥ የባዮሜዲካል ባለሙያ ይግባ፤ "አልቀበልም" የማለት መብትም ይኑረው፣ አሁን የምንጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነውና።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ የተቃጠለ የሞኒተር ቦርድ ለመተካት የሚወጣውን ከዘንግ፣ ከገመድና ከቴስተር ዋጋ ጋር አስተያዩት። ቦርዱ እስኪመጣ ደግሞ ሞኒተር የሌለው አልጋ ላይ ሰው ይተኛል።

ቴስተሩ ከየትኛው ዞን እንደሚጀምር በደብዳቤ አሳውቁን። እኛ ሶኬቶቹን ቆጥረን፣ ዘንጎቹ የተቀበሩበትን ቦታ ምልክት አድርገን እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሥራቅ ጎጃም አንድ የባዮሜዲካል ባለሙያ