ሚጣዬ፣ ስለ ኪሎው ጉዳይ

ሚጣዬ የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽልኝ? እናትሽ ደህና ናቸው? ትንሹ ወንድምሽስ፣ አሁንማ ጎርምሷል አይደል? እኔ ዝም አንቺም ዝም፣ እሷ ትደውል እሷ ትደውል ስንባባል ጊዜው ነጎደ። በመሀል ሰው ነው የነገረኝ ዲቪ ደርሷት ከነቤተሰቧ ኮለምበስ ገብታለች ብሎ፣ ልደውል ልደውል ስል ያንቺ ቮይስ ቀደመኝ። ኦሃዮ እኮ ከኔ በመኪና ስድስት ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው፣ በአሜሪካ ሂሳብ ጎረቤት ነን በይው። ድምፅሽ ግን ምንም አልተቀየረም፣ አሁንም አንድ ጥያቄ ጠይቀሽ መልሱን ሳትሰሚ ሌላ ትጨምሪያለሽ ሃሃ።

እና ኮሌጅ ልትገቢ ስለሆነ ስለ ዶርሙ ስለ ክላሱ ስለ ሎኑ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ትልቁ ጭንቀትሽ ውፍረት ሆኖ አረፈው። "ፍሬሽማን የሆነ ሰው 15 ፓውንድ ሳይጨምር አይወጣም አሉኝ፣ እውነት ነው እንዴ?" አልሽ። ቴክስት ላይ ልመልስልሽ ጀምሬ ረዘመብኝ፣ በቃ ደብዳቤ ይሁን አልኩ፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ከጭንቅላትሽ አውጪው። 15 ፓውንድ ማለት ወደ ሰባት ኪሎ የሚጠጋ ነው፣ ወሬው እንዲህ የገነነው ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 አንድ የኮረዳዎች መጽሔት ሽፋኑ ላይ ካወጣው በኋላ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ይደግመዋል። ሲጠና ግን ሌላ ነው የተገኘው። እዛው አንቺ ከተማ ኦሃዮ ስቴት የነበረ ተመራማሪ በ2011 ባወጣው ጥናት ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ የሚጨምረው ከ2.5 እስከ 3.5 ፓውንድ ነው፣ ማለት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ፣ 15 እና ከዛ በላይ የጨመሩት ከመቶ አስር እንኳን አይሞሉም። ደሞ ኮሌጅ ያልገቡት እኩዮቻቸውም ይጨምራሉ፣ ልዩነታቸው ግማሽ ፓውንድ ገደማ ነው። በ18 ዓመት እኮ ሰውነት ገና እያደገ ነው፣ ዳሌም ይመጣል ሌላም ይመጣል፣ ያንን ሁሉ ውፍረት እያሉ መደንገጥ የለም።

ስለዚ አትፍሪ። ምንም የለም ግን አልልሽም፣ በአንድ ሴሚስተር ሱሪ የሚቀይር ልጅ እውነትም አለ፣ እዚ ሆኜ አይቻለሁ። እና ብዙ ካየሁ በኋላ የኔ አስተያየት ምን መሰለሽ፣ ሰው የሚያወራው ስለ ምግቡ ነው፣ ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው።

ጎንደር እና ሐዋሳ የደረሳቸው ጓደኞቻችን ትዝ ይሉሻል? ለሴሚስተር እረፍት ሲመጡ ጉንጫቸው ገብቶ አንገታቸው ቀጥኖ እናቶቻቸው ምን ነካብኝ ሲሉ። እዛ ካፌ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ ወይ ምስር፣ እራትም ያው፣ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው፣ ሚል ካርድሽን ይዘሽ በር ላይ ብትለማመጪም የሚሰማሽ የለም፣ ብር ካለሽ ላውንጅ ትሄጃለሽ ከሌለሽ ውሃ ጠጥተሽ ትተኛለሽ። ቤት ደሞ ሰዓቱ እናትሽ ናቸው፣ እራት ሲቀርብ ሁሉም ትሪው ዙሪያ ነው፣ ትሪው ሲነሳ በቃ ተነሳ። እዚ የሚነሳ ትሪ የለም። ብዙ ካምፓስ ላይ ዳይኒንግ ሆሉ፣ የተማሪው ካፌ ማለት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፣ አንሊሚትድ ሚል ፕላን፣ ያለገደብ የሚያስበላውን ማለቴ ነው፣ ከገዛሽ ደሞ በቀን አስሬ ካርድሽን ስዋይፕ ብታደርጊ ማንም ምን ሆነሽ አይልሽም፣ ፒዛው በርገሩ ፓስታው አይስክሬም ማሽኑ ሲሪያሉ በየዓይነቱ ተደርድሮ በየቀኑ የሰርግ ቡፌ ላይ እንደመቅረብ ነው፣ ሰርግ ላይ ደሞ ማን ይቆጥባል።

ከዛ ቀኑ እንዲህ ይሆናል። ጠዋት እንቅልፍ ስለሚበልጥ ቁርስ የለም፣ በሁለት ክላስ መሀል ከማሽን የወጣ ቺፕስ ምሳ ይባላል፣ ከሰዓት ካራሜል የፈሰሰበት ቀዝቃዛ ቡና፣ እራት ላይ አንጀትሽ ታጥፎ ያገኘሽውን ሁሉ ታነሻለሽ፣ ከዛ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፎቁ ልጆች አንዱ በር አንኳኩቶ "ዊንግስ ልናዝዝ ነው ማን ይገባል?" ይላል፣ የዶሮ ክንፍ ማለቱ ነው። አንቺ ደሞ አዲስ ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ ሰው ትፈልጊያለሽ። ትገቢያለሽ። እና እውነቴን ነው የምልሽ፣ እሱን እምቢ በይ አልልሽም! ጓደኛ የሚገኘው እዛ ሰዓት እዛ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው፣ ያ ዊንግስ የረሃብ አይደለም የሰው ነው። ሁለት ቅመሺ፣ ወሬውን ጠግበሽ ግቢ፣ ብቻ የየቀን እራትሽ አይሁን።

ሰዓት አውጪ የምልሽ ለዚ ነው። ክላስ ስትመዘገቢ ራሱ ለምሳ አንድ ሰዓት ክፍት ተይ፣ አድቫይዘርሽ ይሄም ይገባል ያም ይገባል ብሎ ቢጠቀጥቅልሽም ምሳዬን አልነካም በይ። ቁርስ እንቁላል ወይ ኦትሚል ብትበይ እስከ ምሳ ይይዝሻል። ከተቻለ ደሞ ምሳ የሚበላ ቋሚ ሰው ያዢ፣ ሀበሻ ይሁን ቬትናም ይሁን ግድ የለም፣ ብቻ ላፕቶፕ አይሁን! ሰው ፊትሽ ካለ ታወሪያለሽ፣ ስታወሪ እጅሽ ይዘገያል፣ ፊልም እያዩ ሲበሉ ግን ሳህኑ ባዶ መሆኑ ራሱ አይታወቅም። አንዳንድ ካምፓስ ሳህን መደርደሪያውን ትሪ ጭራሽ አንስተውታል፣ ምግብ እንዳይደፋ ብለው ነው፣ ላንቺም ጥሩ ነው፣ በእጅ የሚያዘው አንድ ሳህን ብቻ ስለሆነ። ትሪ ካለ ደሞ አንቺ ተይው።

ምግቡ ራሱ ምንም አያደርግም አላልኩም ደሞ። ከኔ ብዙ የማይርቅ ቤተስዳ የሚባል ቦታ ያለው የመንግስት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ በ2019 ያወጣውን አንብቢው፣ ወድጄዋለሁ። 20 ሰው አንድ ወር እዛው አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ፋብሪካ የነካው ምግብ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት ደሞ እንደ ቤት የተሰራ ምግብ አበሏቸው፣ የቀረበላቸው ካሎሪው ስኳሩ ስቡ እኩል ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ነው የተባሉት። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ፣ ሌላውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ቶሎ ቶሎም ነው የሚበሉት የፋብሪካውን፣ ማኘክ አይፈልግማ። ስለዚ ዳይኒንግ ሆል ስትገቢ መጀመሪያ ዞር ዞር ብለሽ እይ፣ ጥግ ላይ ሁሌ አንድ ሰው የማይሰለፍበት ቦታ አለ፣ ዶሮ ጥብስ፣ ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ እሱ ነው ያንቺ ቦታ። ቅመም የለውም አዎ፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ሌሎቹ ልጆች መጀመሪያ ያፈጣሉ በኋላ ይለምኑሻል።

ለስላሳ ነገር ላይ ግን ጨካኝ ነኝ። እዛ ሀገር እያለን ኮካ በጠርሙስ ለእንግዳ ነበር አይደል፣ እዚ ማሽኑ እንደ ቧንቧ ክፍት ነው፣ ብርጭቆሽን እየሞላሽ መመላለስ ነው። አንዷ 20 አውንስ ኮካ፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለችው፣ 65 ግራም ስኳር አላት፣ 16 የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ 240 ካሎሪ፣ ያንን በእግር ላቃጥል ብትዪ አንድ ሰዓት ያህል መሄድ አለብሽ፣ ሆድሽ ደሞ ምንም እንደገባለት አይቆጥርም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብትዪኝ ይሄን ነው የምልሽ፣ ውሃ ጠጪ፣ ቡናሽን ራስሽ አፍዪ።

እንቅልፍ። ይሄን ማንም አይሰማም ግን ልበለው። በ2022 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንቅልፍ የሚያንሳቸውን ሰዎች ወስደው በሌሊት አንድ ሰዓት ምናምን እንዲጨምሩ አደረጓቸው፣ ሌላ ምንም ሳይቀይሩ በቀን ወደ 270 ካሎሪ ቀንሰው በሉ። እንቅልፍ ሲያጣ የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል የሚያጠግበው ይቀንሳል። ለሚድተርም ሲባል በሌሊት የሚበላው ኩኪ እና ራመን ባብዛኛው ረሃብ አይደለም፣ ድካም ነው።

ጾሙን ደሞ ትጾሚያለሽ አውቃለሁ። ጾም እዚ ሀገር ያከሳል ብለሽ እንዳታስቢ! የነቢያት ጾም በኛ ህዳር 15 ሲገባ ታንክስጊቪንጉም አብዛኛውን ጊዜ፣ ፋይናሉም እሱ ውስጥ ነው፣ ፍሬንች ፍራይስ የጾም ነው፣ ቤግል የጾም ነው፣ ኦሪዮ ራሱ ሲታይ ወተት የለበትም ሃሃ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውለው አንድ ሰሃን ድንች በኬቻፕ መግደፊያ ማድረግ ለነፍስም ለስጋም የሚሆን አይመስለኝም። ምስር ፈልጊ፣ ሽምብራ አለ፣ ሃመስ የሚባል የተፈጨ ሽምብራም አለ። ዶርም ውስጥ ምድጃ አይፈቀድም ግን ማይክሮዌቭ ካለ ሽሮ ይሰራል፣ ጎድጓዳ ሳህን ይሁን፣ በየሰላሳ ሰከንዱ አማስዪው፣ አለዚያ ፈንድቶ ማይክሮዌቩን ስትፈገፍጊ ታመሺያለሽ። በሶ ከመጣልሽ እሱ ነው ወርቁ፣ ጠዋት በውሃ በጥብጠሽ ጠጥተሽ ትሮጫለሽ። ቆሎ ደሞ ላይብረሪ ውስጥ ድምፁ ያሳፍራል እንጂ ከቺፕሱ በምን ይገናኛል።

አሁን ወደ ዘመድ እንምጣ፣ ይሄኛው ከምግቡ ይብሳል። እዛ ሀገር "ወፈር ብለሻል" ማለት ተመችቶሻል ማለት ነበር፣ ፒያሳ ሚዛኑን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ሳንቲም ከፍለን ቆመን ስንጨምር ደስ የሚለን ጊዜ ነበር እኮ። እዚ መጥተሽ እናትሽ በቪዲዮ ሲያዩሽ "ጠወለግሽብኝ፣ አይበሉሽም እንዴ?" ይላሉ፣ በዛው ሳምንት አንዷ ቤተ ክርስቲያን አግኝታሽ ከላይ እስከ ታች አይታሽ "ውይ ወፈርሽ እኮ! ኮሌጁ ተስማማሽ" ትላለች። በአንድ ሳምንት ከስተሽም ወፍረሽም! ሁለቱንም አትስሚ። ሚዛን ላይ በየቀኑ መቆምም አያስፈልግም፣ ጨው የበዛበት ነገር በልተሽ ካደርሽ ውሃው ብቻ ከፍ ያደርገዋል፣ ፔሬድ ሲመጣም እንደዛው። ከዛ ይልቅ ሌጊንግስ ብቻ እየለበስሽ አትክረሚ፣ እሱ ይለጠጣል አይናገርም፣ አልፎ አልፎ ጂንስሽን ልበሺ፣ ጂንስ አይዋሽም።

አንድ የምፈራልሽ ነገር ደሞ አለ። እንዳልወፍር ብለው ምሳ መብላት የሚያቆሙ፣ የበሉትን የሚያስመልሱ ልጆች አሉ፣ ከሶስት ፓውንድ ጭማሪ ያ በብዙ እጥፍ ይከፋል። ምግብ ባየሽ ቁጥር ሂሳብ ሂሳብ ካለሽ፣ ሰው ፊት መብላት ካስጠላሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ፣ ካምፓስሽም ክሊኒክ እና ካውንስሊንግ አለው፣ ባብዛኛው ከትምህርት ክፍያሽ ውስጥ ነው። ቲክቶክ ላይ ያቺ ዲቶክስ ሻይ የምትሸጠውንም እለፊያት፣ ብዙዎቹ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለባቸው፣ ሚዛኑ የሚቀንሰው ሽንት ቤት ስለተመላለስሽ ነው፣ ስቡ ንቅንቅ አይልም።

ስፖርት ላይ ብዙ አልልም፣ ጂሙን ከፍለሽበታል፣ ክፍያሽ ውስጥ አለ፣ ግቢበት። ካልወደድሽው የሀበሻ ተማሪዎች ማህበር ካለ እስክስታ ልምምድ ግቢ፣ ላብ በላብ ነው የምትወጪው። የካምፓሱን ሸትል ባስ ትተሽ በእግርሽ ሂጂ፣ እኛ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ታክሲ ሲጠፋ በእግራችን የምንሄድ ልጆች አልነበርንም እንዴ።

በይ እንግዲ፣ ሚል ፕላኑን ሳትመርጪ በፊት ዝርዝሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አንሊሚትዱን ዝም ብለሽ እንዳትነኪው፣ ትምህርት ቤትሽ ፍሬሽማን የግድ ይህን ይግዛ የሚል ከሆነ እሱንም ንገሪኝ፣ ዝቅ ያለውን መውሰድ ከተቻለ በሚተርፍሽ ብር ሚኒ ፍሪጅ እንገዛበታለን። እሁድ ማታ እደውላለሁ፣ ሳይለንት እንዳታደርጊው። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ፣ በርበሬ ይዘው መጥተው ከሆነ ደሞ የኔን ድርሻ አስቀምጪ፣ ለታንክስጊቪንግ እመጣለሁ።

የምትወድሽ፣
ጓደኛሽ